ከወረቀቱ ጀርባ የሚጻፍ ፊደል

ብሬል፣ በጣት የሚነበበው የዓይነ ስውራን ባለ ነጥብ ጽሕፈት፣ ስሌት በሚባለው ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ ሲጻፍ ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ስታይለስ የሚባለው መውጊያ ወረቀቱን ቁልቁል ይወጋል፤ ነጥቡ የሚያብጠው በማዶው በኩል ነው። ሲነበብ ወረቀቱ ይገለበጥና ጣት ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ስለዚህ የሚጽፍ ልጅ እያንዳንዱን ፊደል ግራና ቀኙን አዙሮ ይወጋል። «ድ»ን ሲጽፍ በእጁ ሥር የሚወጣው የ«ፍ» ቅርጽ ነው፤ «ር»ን ሲጽፍ ደግሞ የ«ው»። ይህ ጥበብ በሰው እጅ ላይ ሲሠራ ያየሁት ጎንደር ላይ፣ በልገሳ በሚተዳደር የዓይነ ስውራን መማሪያ ክፍል፣ ከአንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ አጠገብ ተቀምጬ ነው።

ወረቀቱን ስሌቱ ውስጥ ከማስገባቷ በፊት ጠርዙን በሁለት አውራ ጣቶቿ ዳሰሰች። ቀጥ ማለቱን ስታረጋግጥ ክዳኑን ጫን አድርጋ ዘጋችው። የግራ እጇ አመልካች ጣት ቀዳዳውን ቀድሞ ያገኛል፤ ስታይለሱ ተከትሎ ይገባል። ክንዷ አይነቃነቅም፤ የሚሠራው የእጇ አንጓ ብቻ ነው። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። እያንዳንዱ ምት ከፊተኛው ጋር እኩል ነው። መምህሯ ራሷ ዓይነ ስውር ናት፤ ከክፍሉ ማዶ ሌላ ልጅ እያስተማረች ይህን ድምፅ ትከታተላለች። አንዱ ምት ሲላላ «እሱን ድገሚው» አለች፣ ከያዘችው ሥራ ሳትለቅ። ልጅቱም ደገመችው።

አማርኛን በብሬል ስድስት ነጥቦች መጻፍ ቀላል ጉዳይ አልነበረም። ሉዊ ብሬል በ1824 እ.ኤ.አ.፣ ገና በ15 ዓመቱ፣ ሥርዓቱን ሲያበጅ በአእምሮው የነበረው የፈረንሳይኛ ፊደል ነው። ስድስት ነጥቦች ቢደረደሩ ቢለዋወጡ 63 ቅርጽ ነው የሚወጣቸው፤ የእኛ ገበታ ደግሞ 33 በ7፣ 231 ፊደል ይዟል። ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቅርጽ መስጠት አይቻልም። መላው ፊደሉን ከፍሎ ተነባቢውን አንድ ሴል (የስድስቱ ነጥቦች አንድ ቦታ) ላይ፣ አናባቢውን በሚቀጥለው ሴል ላይ ማኖር ሆነ። ሳድስ ግን ምንም አይጨመርለትም፤ ተነባቢው ብቻውን ይቆማል። «ጎንደር» በቀለም አራት ፊደል ነው፤ በብሬል ስድስት ሴል ይወስዳል፦ ጎ ሁለት፣ ን አንድ፣ ደ ሁለት፣ ር አንድ። አማርኛ ሳድስ የሚበዛበት ቋንቋ ነውና ይህች ውሳኔ ለስንት ልጅ ስንት ምት እንዳተረፈች ሳስበው ያሰበውን ሰው ማመስገን ያምረኛል።

ጎንደር ድሮም የጆሮ ትምህርት አገር ናት። አቋቋም፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ፣ የሚማር ብዙ ሰው ወደ በዓታ ቤተ ክርስቲያን ይመጣ ነበር፤ የቃል ትምህርት በየጉባኤ ቤቱ ማታ፣ ያለ መብራት ይቀጸላል። ዓይነ ስውራንም በዚህ መንገድ ለሊቅነት ሲበቁ ኖረዋል። ያንን ቅርስ አከብራለሁ። ነገር ግን የቃል ተማሪ መምህሩ አጠገብ መገኘት አለበት። ብሬል የያዘች ልጅ ማንንም ሳትጠብቅ፣ ሌሊት ብርድ ልብሷ ውስጥ ሆና ታነባለች፤ ያሰበችውንም ማንም ሳይሰማባት ትጽፋለች። ዓይነ ስውር ልጅ በትምህርት የት እንደምትደርስም ታይቷል፦ በዚሁ በአማራ ክልል፣ በአማራ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ያጣችው የትነበርሽ ንጉሤ በሻሸመኔው የካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማረች፤ ኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠናች፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበለች።

ልጅቱ ገጿን ጨርሳ ገለበጠችና እጄን ይዛ አስነካችኝ። «ጋሼ፣ አይጫኑት» አለችኝ። ነጥቡ ከወረቀቱ ከፍ የሚለው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የተጫነ ጣት ምንም አይለይም፤ የሚለየው ሳያቋርጥ በስሱ የሚንሸራተት ጣት ነው። መምህሯ ገጹን ስታርም አየሁ። ሁለቱ አመልካች ጣቶቿ መስመሩን ይዘው ሄዱ፤ ቀኙ ወደ መጨረሻው ሲደርስ ግራው የሚቀጥለውን መስመር መጀመሪያ ፈልጎ ይጠብቃል። አንድ ቦታ ቆመች። ትርፍ ነጥብ ነበር፤ በጥፍሯ ደፍጥጣ አለፈች።

ይህን ሁሉ የሚሸከመው ወረቀቱ ነው። የደብተር ወረቀት ይበሳል፣ ወይም ነጥቡ ሁለት ሦስቴ ሲነበብ ይሟሽሻል፤ የብሬል ወረቀት ወፍራምና ጠንካራ መሆን አለበት። እንግዳ ሲመጣ የሚያመጣው ግን ብዙ ጊዜ ደብተርና ብስኩት ነው። ልጆቹ ያመሰግናሉ፤ ደብተሩ ግን ለጽሕፈታቸው አይሆንም። የደጋው ክረምት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፦ እርጥበት የነካው ወረቀት ይለሰልሳል፤ ስለዚህ መምህሯ በሐምሌ በፌስታል ጠቅልላ ታኖረዋለች። መጻሕፍቱን ዘወትር አቁማ ትደረድራለች፤ አንዱ በአንዱ ላይ ቢጫን ነጥቡ ይተኛልና። አንድ ቀጭን የመማሪያ መጽሐፍ በብሬል ብዙ ጥራዝ ስለሚሆን መደርደሪያው ሞልቷል።

ምን እንደሚቸግራቸው ስጠይቃት አላመነታችም። «ወረቀት። ወፍራሙን። የስታይለሱም ጫፍ ይዶለድማል፤ እሱንም ይጻፉልኝ።»