መርማሪ የሌለው ምርመራ

የወንጀል ምርመራ ፊልም ከተመልካቹ ጋር ውል አለው፤ የአዳራሹ መብራት ተመልሶ ከመብራቱ በፊት ገዳዩ ማን እንደሆነ ይነግረዋል። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የሮማን ፖላንስኪ «ቻይናታውን» ውሉን ጠብቆ ሌላ መራራ ነገር ጨመረበት፤ ገዳዩ ቢታወቅም ፍርድ አይገኝም አለ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ብዙ ጨለማ የምርመራ ፊልሞች ይህን መራራነት ወርሰዋል።

በኃይሌ ገሪማ ፊልም «ጤዛ» ውስጥ መርማሪ ፖሊስ የለም። ካፖርቱን ደርቦ በዝናብ ሌሊት የሚዞር ሰውም አታዩም። ቢሆንም ከዚሁ ቤተሰብ ነው ብል አላፍርም። እንዲያውም በአንድ ነገር ይብሳል፤ መርማሪውም፣ ምስክሩም፣ ተጠርጣሪውም አንድ ሰው ነው።

ሰውየው አንበርብር ይባላል፤ አሮን አረፈ ይጫወተዋል። ጀርመን አገር ሕክምና ተምሮ፣ አብዮቱን አምኖ አገሩ ገብቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990፣ የደርግ መውደቂያ ሲቃረብ፣ ጣና አጠገብ ወዳለው የትውልድ መንደሩ ሲመለስ አንድ እግሩ የለም። እንዴት እንዳጣው እሱም አጥርቶ አያስታውስም፤ ለእኛም የሚነግረን የለም። ሌሊት ይቃዣል። መንደርተኛው ልክፍት ነው ብሎ ጠበል ያስጠምቀዋል።

የኃይሌ እጅ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ፊልሙ 140 ደቂቃ ይፈጃል፤ የእግሩ ምስጢር ግን እስከ መገባደጃው ድረስ አይፈታም። ትዝታው በተርታ አይመጣም። ከመንደሩ ጎሕ ተነስተን ጀርመን አገር ተማሪዎች በሚከራከሩበት ክፍል እንገባለን፤ ክርክሩ ሳያልቅ አዲስ አበባ ላይ እንገኛለን፤ ሳናስበው ደግሞ አንበርብር በላብ ተጠምቆ እናቱ ቤት ይባንናል። ሰነፍ አዘጋጅ ፍላሽባክን ለተመልካች ማስረጃ ማቀበያ ያደርገዋል። በ«ጤዛ» ግን ትዝታ በመጣ ቁጥር ጥያቄው ይበዛል እንጂ አያንስም። ተመልካቹ ቁርጥራጩን እየለቀመ፣ ቀድሞ ያየውን እያረመ፣ ሳይታወቀው የምርመራ መዝገብ ይከፍታል።

ካሜራውን የያዘው «ፓድሬ ፓድሮኔ»ን የቀረፀው ጣሊያናዊው ማሪዮ ማሲኒ ነው። የዚህ ዓይነት ፊልም ልማዱ ክፋትን በጥላና በጭላንጭል መሸፈን ነው። እዚህ ግን ሐይቁ ያበራል፣ ሜዳው ወለል ብሎ ይታያል፤ የመንደሩ ወጣቶች ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ የሚደበቁት በዚያ ሁሉ ብርሃን መሀል ነው። የጆርጋ መስፍንና የቪጄይ አየር ሙዚቃም ሐዘኑን አያጋንነውም፤ ከሥር ሆኖ ይከተለዋል።

ወረታ ወይም አንበሳሜ ሆኖ ይህን ፊልም የሚያይ ሰው ጣና ብርቁ አይደለም፤ እሱ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ያለ ጎረቤት ነው። የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ በ1975 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ የመጣውን አፈሳም ዕድሜው ገፋ ያለ የፎገራና የደራ ሰው ታሪክ አንብቦ አይደለም የሚያውቀው። ሌላው ዓለም ዋሻውን ሲያይ ልቡ ይሰቀላል፤ የዚህ አገር ሰው የልጆቹን ስም ሊጠራ ምንም አይቀረው።

ምስጢሩ ሲገለጥስ? የአንበርብር የቅርብ ጓደኛ ተስፋዬ፣ አብየ ተድላ የሚጫወተው፣ የተገደለው ለአብዮቱ ቆመናል በሚሉ ሰዎች እጅ ነው። የአንበርብርን እግር የወሰዱት ደግሞ ዳግም በሄደባት ጀርመን ውስጥ ያጠቁት ዘረኛ ወጣቶች ናቸው። የወንጀል ፊልም ቢሆን መዝገቡ እዚህ ላይ ይዘጋ ነበር። ኃይሌ አይዘጋውም። በየስብሰባው የነበረው፣ ሰምቶ አንገቱን የደፋው፣ ሂስና ግለ ሂስ ሲባል ቃሉን የዋጠው ሁሉ በፊታችን ያልፋል፤ አንበርብርም ከመካከላቸው ነው። ቅዠቱ የእግሩ ብቻ አይደለም፤ የዝምታውም ነው።

ከዚህ ሁሉ ተቃራኒ እናቱ ቆማለች። ታከለች በየነ የምትጫወታት ይህች እናት ልጇን መርምራ አታስጨንቅም፤ ታበላዋለች፣ ትጸልይለታለች፣ ትጠብቀዋለች። መንደሩ ያገለላትን አዛኑ የተባለችውን ሴትም በቤቷ አስጠግታለች። ሌላው ሁሉ በሚፈርድበት አገር የማትፈርደው እሷ ብቻ ናት፤ የፊልሙ ሚዛንም ያረፈው በእሷ ላይ ነው።

ፊልሙ እንከን የለውም አልልም። የጀርመኑ የፖለቲካ ክርክር አንዳንዴ ስብከት ይሆናል፤ ተዋንያኑ እርስ በርስ ሳይሆን ለእኛ የሚናገሩበት ቦታ አለ። የመንደሩ ክፍል ግን አንድም የሚጣል ነገር የለውም። እ.ኤ.አ. በ2008 የቬኒስ ፌስቲቫል ልዩ የዳኞች ሽልማትንና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን ሰጠው፤ በማግሥቱ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ታላቁን ሽልማት ወሰደ። የጎንደሩ ተወላጅ፣ የጸሐፌ ተውኔቱ የገሪማ ታፈረ ልጅ፣ ፊልሙን ሠርቶ ለመጨረስ ከአሥር ዓመት በላይ ደክሞበታል፤ ሽልማቱ አልበዛበትም።

ያላያችሁት እዩት። ያያችሁትም ድገሙት፤ በሁለተኛው ግን ገዳዩን መፈለግ ትታችሁ እያዩ ዝም ያሉትን ቁጠሩ።