አንዴ ብቻ የሚጠይቅ ዐረፍተ ነገር

እንግሊዝኛ ሲጠይቅ ቃላቱን ከቦታቸው ያነሣል። ረዳት ግሱ ባለቤቱን ቀድሞ ይወጣል፤ ረዳት ግስ ከሌለ ደግሞ «ዱ»፣ «ደዝ» ወይም «ዲድ» ተጠርቶ ይመጣል። «ዌር ደዝ ሺ ሊቭ?» የሚለውን ልብ ብላችሁ እዩት። «ሊቭስ» መጨረሻ ላይ የነበረችው ኤስ ተነሥታ ወደ «ደዝ» ሄዳለች፤ ዋናው ግስ ባዶውን ቀርቷል።

ያንኑ በትሕትና ስንጠይቅ «ኩድ ዩ ቴል ሚ ዌር ሺ ሊቭስ?» ይሆናል። «ደዝ» የለም፤ ኤስም ወደ ግሷ ተመልሳለች። መጠየቁን «ኩድ ዩ» ስለወሰደው ውስጠኛው ክፍል እንደ ተራ ዐረፍተ ነገር ተረጋግቶ ይቀመጣል። ጥሩ አናጺ መገጣጠሚያው ከያዘለት ምስማር አይጨምርም። «ኩድ ዩ ቴል ሚ ዌር ደዝ ሺ ሊቭ?» የሚል ተማሪ ሐሳቡ ይገባናል፤ ግን ሁለቴ ጠይቋል። አማርኛችን በዚህ ላይ ሌላ መንገድ አለው፤ «የት ትኖራለች?» የነበረው «የት እንደምትኖር ታውቃለህ?» ሲሆን ግሱ መልኩን ይለውጣል እንጂ ከቦታው የሚነሣ ቃል የለም።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ መጨረሻ ላይ የምትቀረው «ኢዝ» ናት። «ሂ ኢዝ ሂር» በንግግር «ሂዝ ሂር» ተብሎ ያጥራል። «አይ ዶንት ኖው ዌር ሂ ኢዝ» ላይ ግን ማሳጠር አይቻልም፤ ከኋላዋ የምትደገፍበት ቃል ስለሌለ ሙሉ ድምፅዋን ትፈልጋለች። ቋንቋውን በእናቱ ጉያ የለመደ ሰው ሕጉን ማንም ሳይነግረው ይጠብቀዋል።

አዎ ወይም አይ የሚያስመልስ ጥያቄ በሌላ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ «ኢፍ» እና «ዌዘር» አሉ። መንታ ይመስላሉ፤ ሆኖም «ዌዘር ቱ ጎ» ይባላል፣ «ኢፍ ቱ ጎ» አይባልም።

ደግሞ «አይ ዋዝ ወንደሪንግ ኢፍ ዩ ኩድ ሄልፕ ሚ» አለ። እርዳታው የሚፈለገው አሁን ነው፤ ግሱ ግን ኀላፊ ጊዜ ሆኖ ሰውየው ላይ ጫና እንዳይበዛ ጥቂት ይርቃል። ሲጻፍም የጥያቄ ምልክት አያስፈልገውም፣ በነጥብ ይዘጋል። ከዚህ የለሰለሰ ልመና በእንግሊዝኛ አላውቅም።

ውስጠኛውን ጥያቄ እንደ ተራ ዐረፍተ ነገር የማስቀመጡ አሠራር በሁሉም አገር እኩል አይጠበቅም። በአየርላንድ እንግሊዝኛ «ሺ አስክድ ሚ ዋዝ አይ ካሚንግ» የተለመደ አነጋገር ነው፤ ቅደም ተከተሉ እንደተገለበጠ ይቀራል። ለፈተና የምትዘጋጁ ግን «ኢፍ አይ ዋዝ ካሚንግ» ብላችሁ ጻፉ።