አዳኙ፣ ባልቴቷና መልስ ያጣው ደብዳቤ

«አዳኝ» የምትለዋ ቃል በአማርኛ ስትጻፍ ሁለት ሰው ትሸከማለች፤ አውሬ የሚያድነውንና ከሞት የሚያድነውን። ፖላንዶችም ብጤዋ አለቻቸው። «አምቦና» ቄሱ የሚሰብክበት ሰገነት ነው፤ አዳኞች ወጥተው የሚያነጣጥሩበት የጫካ ማማም ስሙ ያው ነው። ኦልጋ ቶካርቹክ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተመችው «ማረሻህን በሙታን አጥንት ላይ ንዳ» የተሰኘው ልቦለድ ይህችን መንታ ቃል አጥብቆ ይዟታል። መጨረሻውን ማወቅ የማትፈልጉ እዚህ ጋ አቁሙ፤ ሳልነካው ማለፍ አልችልም።

ባለታሪኳ ዱሼይኮ በቼክ ድንበር አጠገብ፣ በረዶ ሲመጣ አብዛኛው ሰው ጥሎት በሚሄደው ደጋ ላይ ትኖራለች። ድሮ የድልድይ መሐንዲስ ነበረች፤ አሁን ለልጆች እንግሊዝኛ ታስተምራለች፣ ኮከብ ትቆጥራለች። አዳኞችን ሜዳ ላይ ትጋፈጣለች፣ አደንን የሚባርከውን ስብከት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተነስታ ታቋርጣለች። ለፖሊስ ደብዳቤ ትጽፋለች። መልስ የለም።

ጠቡን ከባድ የሚያደርገው ሁለቱም ወገን እዚያ የመገኘት መብት ያለው መሆኑ ነው። በፖላንድ የዱር አውሬ የመንግሥት ሀብት ነው፤ የአደን ክልሎች ለአዳኞች ማኅበራት ይከራያሉ፤ የመንግሥት ደን ውስጥ ደግሞ ማንም ሰው በእግሩ ሊንሸራሸር ይችላል። እናም ጠመንጃ የያዘው ፈቃድ አለኝ ይላል፣ ባዶ እጇን የቆመችው ጫካው የሁላችን ነው ትላለች። ሁለቱም አልዋሹም።

ቶካርቹክ ጎበዝ የሆነችው እዚህ ላይ ነው። የዱሼይኮን ክርክር ቁም ነገር ብሎ የሚመልስላት የለም። አሮጊት ናት፣ ኮከብ ትቆጥራለች፣ ትቆጣለች፤ በቃ፣ ዕብድ ተባለች። እኛስ? እኛም እኮ እያነበብን ፈገግ ስንል ነበር። አዳኞቹን አንድ በአንድ የገደለቻቸው እሷ መሆኗ ሲገለጥ የምንደነግጠው እኛም እንደ ፖሊሱ ስላልሰማናት ነው። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የምትነግረን ራሷ ሆና ሳለች!

ግን ቅሬታ አለኝ። የሚሞቱት ሰዎች ለማዘን አስቸጋሪ ናቸው፤ ከመካከላቸው ጣቱ ቃታው ላይ ሲደርስ የሚያመነታ አንድም ሰው የለም። ከዚያ የጠፉት ውሾቿ በአዳኞቹ እጅ መሞታቸው ሲታወቅ ሒሳቡ ይዘጋል፣ አንባቢም ያጨበጭባል። አግኒዬሽካ ሆላንድ ከደራሲዋ ጋር ስክሪፕቱን ጽፋ በ2017 ያወጣችው «ፖኮት» ፊልምም ይህንኑ በቀል ይወርሳል። በቀል ደግሞ ዋናውን ጥያቄ ያስመልጠዋል፦ ሁለቱ ነገ ጠዋት በዚያው መንገድ ድጋሚ ሲገናኙስ ምን ይደረግ?

ጥያቄው ከልቦለድ ውጭም አለ። በአሜሪካ 50ዎቹም ግዛቶች አደን ማደናቀፍን የሚከለክል ሕግ አላቸው። ዊስኮንሲን በ2016 ሕጓን አጥብቃ፣ አደኑን ለማወክ ብሎ አዳኝን በተደጋጋሚ መጠጋትን፣ መጋፈጥንና በካሜራ መቅረጽን ከለከለች። በ2023 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ይህ አንቀጽ ሐሳብን የመግለጽ መብትን ይጥሳል ብሎ ጣለው። ይህ ግን የሰውን መንገድ ለመዝጋት ወይም ጠመንጃውን ለመንካት ፈቃድ አይደለም።

ከዚህ የሚወጣው ሥነ ምግባር አሰልቺ ነው። ተቃዋሚው ርቀቱን ጠብቆ ይቅረጽ፣ ይናገር። አዳኙ አፈሙዙን ከሰው ያርቅ፣ ጥይቱን ያውጣ፣ ስድብ ሲመጣ ስድብ አይመልስ። ነገሩ ከገፋ ሁለቱም ሕግ አስከባሪ ይጥሩ። ይህ ለፊልም አይመችም፣ ሰው ግን በሕይወት ወደ ቤቱ ይገባል። የሚሠራው ታዲያ የተጠራው ሰው ስልኩን ካነሳ ብቻ ነው፤ ቶካርቹክ ትክክል የሆነችውም በዚህ ነው።

መጽሐፉን አንብቡት። ስታነቡ ግን ሬሳዎቹን ተዉና ደብዳቤዎቹን ቁጠሩ። የመጀመሪያው መልስ ቢያገኝ ኖሮ ስንት ሰው ይተርፍ ነበር?