ዜጋ፣ ፍቅራችን፣ ጉራማይሌ

የአያቴ ድድ ጉራማይሌ ነው። አንዱ ጋ ጠቁሯል፣ አጠገቡ በተፈጥሮው ቀይ ሆኖ ቀርቷል፣ ቀጥሎ ደግሞ ጥቁር። ካልሳቁ አይታይም። ልጅ ሳሉ ፍላቂት፣ ጓሮ ተቀምጠው፣ በመርፌና በጥላሸት የተነቀሱት ነው። አንድ ቀን “እማማ፣ ማን ነው የነቀሰዎ?” ብዬ ጠየቅኳቸው። “ኧረ ምኑ ይጠየቃል፣ የጎረቤት ሴት ናታ!” አሉኝ።

ይቺን ነገር ያስታወስኩት ስለ ኩዊር የጥበብ ኤግዚቢሽኖች ልጽፍ ተቀምጬ መነሻው ሲጠፋኝ ነው። ሃያሲ መጀመሪያ ያያል። ግድግዳው ፊት ይቆማል፣ ይጠጋል፣ ይርቃል፣ ከዚያ ይጽፋል። እኛ ጋ ግን ግድግዳው የለም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 መሠረት የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በቀላል እስራት ያስቀጣል። ከሕጉ ሌላ ደግሞ ሰፈር አለ፣ ቤተሰብ አለ፣ ስልክ አለ። ታዲያ ኢትዮጵያዊ ሃያሲ ምኑን አይቶ ይጽፋል?

እስቲ የሌሎቹን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2014 ዳካር ውስጥ ሮው ማቴሪያል ካምፓኒ የተባለው የጥበብ ማዕከል፣ አፍሪካዊ ኩዊሮች በሚዲያ እንዴት እንደሚታዩ የሚጠይቅ ኤግዚቢሽን ከፍቶ ነበር። የኬንያው ጂም ቹቹና የደቡብ አፍሪካ ፎቶግራፍ አንሺ ዛኔሌ ሙሆሊ ሥራዎቻቸውን ካቀረቡት መካከል ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ማዕከሉ ጥቃት ደረሰበት፣ ኤግዚቢሽኑም ተዘጋ። በዚያው ዓመት ናይሮቢ ላይ ኔስት የተባለው የአርቲስቶች ስብስብ የኬንያ ኩዊሮችን እውነተኛ ታሪኮች ሰብስቦ አምስት አጫጭር ጥቁርና ነጭ ፊልሞች ሠራ። ፊልሙ ለዓለም ሲቀርብ ሠሪዎቹ መጀመሪያ ላይ ስማቸውን አላወጡም። አገር ቤት ደግሞ እንዳይታይ ታገደ።

ሙሆሊ ግን ከ2006 ጀምረው የጥቁር ሌዝቢያኖችን ፊት ሲያነሱ ኖረዋል። ሴቶቹ ካሜራውን ፊት ለፊት ያዩታል፤ ማንም አልተደበቀም። ሥራው የቆመው በዚያ እይታ ላይ ነው። ይሁንና የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት ሰው በፆታዊ ዝንባሌው እንዳይገለል በግልጽ ይከለክላል። እዚያም ቢሆን በ2009 አንዲት ሚኒስትር የሙሆሊ ፎቶዎች ያሉበትን ኤግዚቢሽን ረግጠው ወጥተዋል።

የዘመኑ የኩዊር ጥበብ ሂስ አንድ መለኪያ ይወዳል፤ መታየትን። ስንት ፊት ታየ? ስንት ሰው በስሙ ወጣ? እኔ ይህ መለኪያ እኛ ጋ ሲመጣ ይሰበራል ባይ ነኝ። በ2015 ዓ.ም ክረምት ቲክቶክ ላይ የሆነውን አስታውሱ። የሰዎች ፎቶና ስም እየወጣ፣ ይመቱ እየተባለ፣ ቪዲዮው እየተቀባበለ ነበር። እሱም እኮ ኤግዚቢሽን ነው፤ ልዩነቱ የተሰቀሉት ሰዎች አለመጠየቃቸው ነው።

ሰፈራችንም ደርሶ ያውቃል። ከፍላቂት ወደ ምሥራቅ ሄዳችሁ ጋሸና ላይ ወደ ግራ ስትታጠፉ መንገዱ ላሊበላ ያደርሳችኋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ቶቶ ቱርስ የተባለ የቺካጎ አስጎብኚ ለጌይ ተጓዦች ያሰበው የኢትዮጵያ ጉዞ ላሊበላን ይጨምር ነበር። የሃይማኖት ማኅበራት ተቃወሙ፣ ለድርጅቱም ማስፈራሪያ ጎረፈ። ያኔ ሁሉም ስለ ቱሪስቶቹ አወራ። ቱሪስት ግን አገሩ ይገባል። እዚሁ ተወልዶ፣ ቤተሰቡ ቡና ላይ ያንን ወሬ ሲያወራ ዝም ብሎ ሲኒ የሚያቀብለውን ልጅ ማንም አላሰበውም።

ስለዚህ ግድግዳ መፈለጌን ትቼ በእጅ የተሠራ ነገር ፈለግኩ። ያገኘሁት ሦስት ቃል ነው።

የመጀመሪያው “ዜጋ” ነው። የአዲስ አበባ ጌይ ወንዶች እርስ በርስ የሚጠሩበት ቃል ነው። በጥናት ጽሑፎች ጭምር ስለወጣ ምስጢር ያባከንኩ አይመስለኝም። ታክሲ ውስጥ ጮክ ብለህ “እሱ ዜጋ ነው” ብትል ማንም ዞር ብሎ አያይህም፤ ማን ዜጋ ያልሆነ አለ? ቀልዱ እዚህ ላይ ነው፣ ምሬቱም እዚሁ ላይ። ሕጉ የነፈገውን ማዕረግ ሰዎቹ ለራሳቸው ሰጡ፣ ያውም ከራሱ ከመንግሥት መዝገብ ላይ ቃል አንስተው።

ሁለተኛው “ፍቅራችን” ነው። በ2010ሮቹ ኢትዮጵያውያን ሌዝቢያንና ባይሴክሹዋል ሴቶች በኢንተርኔት ያወጡት መጽሔት ስም ነው። አታሚ የለ፣ አከፋፋይ የለ፣ በቃ ራሳቸው። ስሙን ልብ በሉ። አማርኛ አንቱ ካላለ በቀር “አንተ” ወይም “አንቺ” ሳያስመርጥ አላፊ አግዳሚውን እንኳ አያናግርም። “እኛ” ላይ ሲደርስ ግን ጾታ መጠየቁን ይተዋል። “ፍቅራችን” ውስጥ ስንት ሴት፣ ስንት ወንድ እንዳለ ቃሉ አይናገርም። መጽሔቱ የፖለቲካ መፈክር መምረጥ ይችል ነበር፤ የመረጠው ሠርግ ላይም ለቅሶ ላይም የሚሰማ ቃል ነው።

ቅድም ስለ ሙሆሊ ስጽፍ ያደረግኩትን አይታችሁ ይሆናል። ሙሆሊ “እሱ”ም “እሷ”ም መባል አይፈልጉም። በእንግሊዝኛ ይህ ብዙ ያጨቃጭቃል። እኔ አያቴን በምጠራበት አንቱታ ጠራኋቸውና አለፍኩ። ቋንቋችን ሰው ሲያከብር ጾታውን አይጠይቅም። ይህ ከውጭ የመጣ አይደለም፤ ወሎ ውስጥ ስናድግ አፋችንን የፈታንበት ነው።

ሦስተኛው “ጉራማይሌ” ነው። በስደት ያሉ ኢትዮጵያውያን ኩዊሮች ድርጅታቸውን ሃውስ ኦፍ ጉራማይሌ አሉት። ቃሉን ብዙዎቻችን የምናውቀው አማርኛና እንግሊዝኛ የሚደባልቅ ሰው ሲተች ነው። ከስድቡ በፊት ግን ጌጥ ነበር፤ የአያቴ ድድ። ጥቁሩም ቀዩም አብረው ካልሆኑ ጉራማይሌ አይባልም። ደግሞ ስሙ ራሱ ግማሹ እንግሊዝኛ ግማሹ አማርኛ ስለሆነ የሚያወራውን ነገር ሆኖ ይገኛል። ይህን ሳስተውል ብቻዬን ሳቅኩ።

እሺ፣ አሞገስኩ። አሁን ቅሬታዬን ልናገር።

ሦስቱም ቃላት ከጠላት ጆሮ ይሸሸጋሉ፤ ግን ከወዳጅም ይሸሸጋሉ። ፍላቂት ያለ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ “ዜጋ” ሲባል ከመታወቂያ ያለፈ ነገር አይሰማውም። በአማርኛ ስለ ራሱ የሚሰማው ቃል አንድ ነው፤ ሰዶም ያለበት። ሌላውን ለማግኘት እንግሊዝኛ ማንበብ አለበት። ስሞቻችን በአማርኛ ተሰይመው ውይይቱ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ መሆኑ የዚህ ባህል ትልቁ ጉድለት ነው። የሚጽፉት ሰዎች ለምን እንደሚሸሹ ይገባኛል፤ በእናት ቋንቋ ሲጻፍ እናትም ታነባለች። ቢሆንም ልጁ ሊደርሰው የሚችለው በዚያው ቋንቋ ነው። ፊት ማሳየት የለብንም፣ ስም ማውጣትም የለብንም። ዓረፍተ ነገር ግን እንችላለን። ቃል ያበጀ ሰው ታሪክም፣ ግጥምም፣ ደብዳቤም ያበጃል፤ ለዚያ ከመርፌና ከጥላሸት የበለጠ ዕቃ አያስፈልግም።

ባለፈው ፍላቂት ስሄድ አያቴን “እኔም ልነቀስ እንዴ?” አልኳቸው። ትንሽ አዩኝ። “ያማል” አሉ። ከዚያ ሳቁ፣ ጉራማይሌውም ታየ።