ግፊቱ የት ይሄዳል?

ቤት የሚያፈርሰው ክብደት ብቻ ቢሆን ኖሮ የእኛ ሥራ ቀላል ነበር። ክብደት ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ ደህና መሠረት ካገኘ ያርፋል። የሚያስቸግረው ወደ ጎን የሚገፋው ነው። ጂንካ ውስጥ የተሰነጠቀ ግድግዳ እንዳይ ስጠራ ስንጥቁን ከማየቴ በፊት ቀና ብዬ ጣሪያውን አያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የባህር ዛፍ ወራጆቹ ግርጌያቸው በአግዳሚ ሳይታሰር ቆርቆሮ ተመትቶባቸዋል። ሁለቱ ወገኖች እግራቸውን እየከፈቱ ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፉታል፤ ማዕዘኑ ይላቀቃል። ባለቤቱ ግን አፈሩን ይረግማል፣ ጭቃ ያቦካውን ይረግማል፣ ካልሆነም የሰፈሩን ሰው ዓይን።

ኮሎኝ የምትኖረው እህቴ ጋብዛኝ ጀርመን የሄድኩ ጊዜም የከተማዋን ካቴድራል ያየሁት በዚሁ የሥራ ዓይን ነው። ከባቡር ጣቢያው ሲወጡ ሁለቱ የ157 ሜትር ማማዎች ፊት ለፊት ይደቀናሉ። ሰው ሁሉ እዚያው ቆሞ ፎቶ ይነሳል። እኔ ወደ ጀርባው ዞርኩ። “ወንድም ጋሼ፣ ፊቱ እኮ በዚህ በኩል ነው!” አለች እህቴ። ፊቱንስ ማንም ያየዋል። ቤት በምን እንደቆመ የሚታየው ከጎንና ከኋላ ነው።

የጎቲክ ግንበኞች የገጠማቸው ችግር የእኛው ነው፤ የሚለየው መጠኑ ነው። የካቴድራሉ መካከለኛ አዳራሽ ጣራ ከወለሉ 43 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በድንጋይ ቅስት ተከድኗል። ቅስት ደግሞ ሁልጊዜ እግሩን መክፈት ይፈልጋል። ክብ ቅስት አብዝቶ ይገፋል፤ አናቱ የሾለው ሸክሙን ይበልጥ ወደ ታች ስለሚልከው ግፊቱ ይቀንሳል። ሹሉ ሌላም ጥቅም አለው። የክብ ቅስት ስፋቱ ከታወቀ ቁመቱም አብሮ ታውቋል፤ ሹሉን ግን በጠባቡም በሰፊውም ክፍተት ላይ እኩል ቁመት አድርጎ መግጠም ይቻላል። አንድ ወጥ ከፍታ ያለው ጣራ ያለ ብዙ ብልሃት የሚገኘው በዚህ ነው።

የቀረው ግፊት ግን የትም አልሄደም። ከግድግዳው ውጭ በአየር ላይ የተዘረጉ የድንጋይ ክንዶች ይቀበሉትና ከጎን ያሉትን ዝቅተኛ ጣሪያዎች አሻግረው ወደ ውጭ ለቆመ ወፍራም አምድ ያስረክቡታል። ኮሎኝ ላይ በእያንዳንዱ ጎን ያሉት ዝቅተኛ አዳራሾች ሁለት ሁለት በመሆናቸው ክንዱም በሁለት እርምጃ ነው የሚሻገረው። ከየአምዱ አናት ላይ በቅጠል ቅርጽ ተጠርቦ ወደ ሰማይ የሾለ ድንጋይ ተቀምጧል። በፎቶ ሳየው ጌጥ ይመስለኝ ነበር፤ ነገሩ ሸክም ነው። ከጎን የመጣውን ግፊት ከላይ በክብደት ተጭኖ ወደ መሬት ያዞረዋል። አናቱ ላይ የተቀረጸውን ቅጠል ከመሬት ሆኖ በቅጡ የሚያየው የለም፤ ክብደቱ ግን ሌሊትና ቀን ሥራ ላይ ነው። ከሕንጻው ሁሉ ያስቀናኝ ይህ ነው። እኛ ጌጥን የምንጨምረው ቤቱ ካለቀ በኋላ፣ ገንዘብ ከተረፈ ነው።

በጂንካ ዙሪያ ያሉ የአሪ አባቶች ይህንኑ ግፊት በሌላ መንገድ ነው የያዙት። ክቡ የሳር ቤት ላይ ወራጆቹ ከመሃሉ ምሰሶ አናት ተነስተው ወደ ግድግዳው ይወርዳሉ፤ እነሱም ይገፋሉ። ግን ግድግዳው ክብ ነው፤ ዙሪያውን በማገር ተጠምጥሞ በልጥና በሐረግ ተጠፍሯል። ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚገፋው ኃይል ማገሩን ሲወጥር ማገሩ መልሶ ይይዘዋል፤ ከውጭ ድጋፍ የሚባል አያስፈልግም። ወደ ኦሞራቴ ሲወርዱ ደግሞ ቤት የሚሠሩት የዳሰነች ሴቶች ናቸው። እንጨቱን አጉብጠው ሁለቱን ጫፍ መሬት ውስጥ ይተክሉታል። የሚገፋውን መሬቱ ራሱ ይይዘዋል፤ ግድግዳና ጣሪያ የሚባል ልዩነትም የለም። አንዱ ያስራል፣ አንዷ ትተክላለች፣ ኮሎኞች ከውጭ ያስደግፋሉ። ላሊበላ ላይ ግን ጥያቄው ራሱ የለም። ቤተ ጊዮርጊስ ላይኛው ረድፍ መስኮቶቹ አናታቸው የሾለ ነው፤ ሆኖም ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የወጣ ስለሆነ ያ ሹል ቅስት የሚሸከመው የተለየ ሸክም የለም። እዚያ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልተቀመጠም።

ግፊቱ ወደ ውጭ ከወጣ ግድግዳው ነፃ ነው፤ ነፃ የወጣ ግድግዳ ደግሞ መስታወት መሆን ይችላል። በካቴድራሉ ደቡብ በኩል ያለው የሠዓሊው ጌርሃርድ ሪሽተር መስኮት በ2007 እ.ኤ.አ. የተተከለ ነው፤ 113 ካሬ ሜትር ላይ በ72 ቀለማት ከ11 ሺህ በላይ ትናንሽ አራት ማዕዘን መስታወቶች ተደርድረዋል። እህቴ ቅዱሳን የሌሉበት መስኮት ምን ይሠራል ብላ ቅር አላት። እኔ ወለሉ ላይ የወደቀውን ቀለም ሳይ ክርክሩን ተውኩት። አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥራ ከዚህ ይሰፋል፤ የቆመበት ዘዴም በመሠረቱ ያው ነው። ሸክሙን ኮለንና ቢም ወስደውታል፤ በመሃል ያለው ቦታ ለሠዓሊው ተረፈ።

አሠሪዎች “መቼ ታስረክበናለህ?” ሲሉኝ ብነግራቸው የምወደው ታሪክ አለ። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው። የኮሎኙ ካቴድራል መሠረት የተጣለው በ1248 ነው፤ በእኛ አገር የዛጉዌ ነገሥታት ዘመን ሊያበቃ ሃያ ዓመት ያህል ሲቀረው። መቅደሱ በ1322 ተባረከ። በ1500ዎቹ ሥራው ቆመ፤ ግማሽ ላይ የቀረው ደቡባዊ ማማ አናት ላይ የእንጨት ክሬኑ እስከ 1868 ድረስ እንደቆመ ነበር። ሥራው በ1842 ሲቀጥል ከ500 ዓመት በላይ የቆየ የፊቱ ንድፍ በእጃቸው ነበር፤ ብራና ላይ የተሳለ፣ ቁመቱ ከ4 ሜትር የሚበልጥ፣ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ክፍል ዳርምሽታት ሌላው ፓሪስ የተገኘ። በ1880 ጨረሱት። ማማውን በጥንቱ ንድፍ ቢሠሩትም የጣሪያውን አጥንት ግን በብረት አደረጉት። ፓሪሶች በተቃራኒው በ2019 የተቃጠለባቸውን የኖትርዳም ጣሪያ መልሰው በኦክ እንጨት፣ በመጥረቢያ ጠርበው ሠርተው በ2024 ቤተ ክርስቲያኑን ከፈቱ። ለእኔ ሁለቱም አላጠፉም። የብረቱ ጣሪያ ከታች አይታይም፣ እንደ እንጨትም አይቀጣጠልም።

ተጨረሰ ሲባል ግን ስካፎልዲንጉ አልወረደም። ካቴድራሉ የራሱ የግንባታ ቤት አለው፤ ድንጋይ ጠራቢዎች፣ አናጺዎች፣ አንጥረኛ፣ መስታወት ሠሪዎች በቋሚነት ይሠሩበታል። ዝናብና ጭስ የበላውን ድንጋይ አንድ በአንድ እያወጡ ይተካሉ። በ1943 ቦምብ የሰሜኑን ማማ ማዕዘን ሲቦጭቀው በጥድፊያ በሸክላ ጡብ ደፈኑት። የጡቡ ድፍን ለዓመታት ገሃድ ሲታይ ኖሮ በ2005 ነው ድንጋይ ለብሶ ያለቀው። መልክ አልነበረውም፤ ማማው ግን አልወደቀም።

አንጥረኛውን ያነሳሁት በምክንያት ነው። መሮ ሳይሳል ድንጋይ አይጠረብም። በእኛ በአሪ ግን ብረት የሚቀጠቅጠውና ሸክላ የምትሠራው ማና ተብለው ከአራሹ ጋር እንዳይጋቡ ተደርገው ኖረዋል፤ ዘራቸው ሌላ ነው እየተባለ። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘረ መል ጥናት አንጥረኛውና አራሹ ከአንድ ምንጭ የመጡ መሆናቸውን አሳይቷል። ማረሻውን ከእጁ ተቀብሎ ልጁን የሚነፍገው ሰው ይህን ቢያነብ ደስ ይለኝ ነበር።

ከተመለስኩ በኋላ አንድ አሠሪ በስልኩ ያየውን ሹል መስኮት ለአዲሱ ቤቱ አማረው። ብሎኬት ቤት ነው፤ ከመስኮቶቹ በላይ ቶፕ ታይ ቢም ዙሪያውን ይዞራል፤ ጣሪያውን የሚይዘውም የሚያስረውም እሱ ነው። ሹሉ ምንም እንደማይሸከም ነገርኩት፤ “እኔ መቼ ይሸከም አልኩህ?” አለኝ። ልክ ነው። መጀመሪያ የቢሙን ፌሮ ስታፋው ሳይጎድል አሳስሬ አርማታውን አስሞላሁ፣ ሹሉን በመጨረሻ በልስን ቀረጽንለት። ሒሳብ ስንሠራም ያንን ለብቻው፣ በጌጥ ዋጋ አስከፈልኩት።