ሕመሙና ስሙ፤ በልብ ሕክምና የአማርኛ ቃላት ላይ የቀረበ ሒስ

የሙያ ቃል በሚሰየምበት ጊዜ ዘወትር የሚቀርቡት መመዘኛዎች የቃሉ አጭርነት፣ ከግእዝ ወይም ከአማርኛ ሥር መውጣቱና ከባዕዱ ቃል ጋር መመጣጠኑ ናቸው። እነዚህ መመዘኛዎች ለመማሪያ መጽሐፍ ይበቁ ይሆናል። የሕክምና ቃል ግን ተጨማሪ ፈተና አለበት፤ ይኸውም ቃሉን ከሚሰሙት መካከል አንዱ በሽተኛው መሆኑ ነው። በሽተኛ የሕመሙን ስም ሰምቶ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ስሙ የመራውን ያደርጋል። በዚህ ጽሑፍ ስለ ልብ ሕመም ሲነገር አዘውትረን የምንሰማቸውን ሦስት ቃላት በዚሁ መመዘኛ እንመረምራለን።

የልብ ሐኪም የመጀመሪያ መሣሪያው ጥያቄ ነው። የልብን ጡንቻ የሚመግቡት ደም ቅዳዎች ሲጠቡ የሚሰማውን ሕመም «የደረት ውጋት» ብሎ መተርጐም ተለምዷል። ሆኖም ውጋት እንደ መርፌ ጠቅ የሚያደርግ፣ ቦታውም በጣት ሊጠቆም የሚችል ሕመም ነው፤ ትንፋሽ ሲስቡ የሚብስ ከሆነም ይበልጡን የሚያስጠረጥረው የሳንባን ሽፋን ወይም የጐድንን ጡንቻ ነው። ከልብ የሚነሣው ሕመም ግን አብዛኛውን ጊዜ ይጫናል፣ ያፍናል፣ ጨምድዶ ይይዛል፤ ወደ ክንድ፣ ወደ አንገትና ወደ መንጋጋ ይዛመታል፤ ዳገት ሲወጡ ይነሣል፣ ሲያርፉ ይተዋል። እንግዲህ «ውጋት አለብዎት?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «የለብኝም» ቢል እውነቱን ተናግሯል፤ ዋናው ምልክት ግን ሳይገለጽ ቀርቷል። በአንጻሩ «ልቤን ያቃጥለኛል» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ጨጓራው ነው። ከልብ የመጣ ሕመምም አንዳንድ ጊዜ የጨጓራ መስሎ ስለሚሰማ፣ በዚህ ስፍራ የቃል ጥንቃቄ የምርመራው አካል ነው። ስለሆነም «የደረት መጨምደድ» ከ«ውጋት» የተሻለ ሆኖ ይታያል።

ሁለተኛውና ከሁሉ የከፋው ችግር ያለው «የልብ ድካም» በሚለው ስም ላይ ነው። በዜናም ሆነ በዕለት ንግግር ይህ ስም ለሦስት የተለያዩ ነገሮች ይሰጣል። አንደኛው፣ ልብ ለሰውነት የሚበቃ ደም መርጨት ሲያቅተው ቀስ በቀስ የሚመጣው፣ እግርን የሚያሳብጥና ትንፋሽን የሚያሳጥር ሕመም ነው። ሁለተኛው፣ የልብ ደም ቅዳ በረጋ ደም በድንገት ሲደፈንና የልብ ጡንቻ መሞት ሲጀምር የሚደርሰው ነው። ሦስተኛው የልብ ፈጽሞ መቆም ነው።

የሦስቱም ምርመራና ሕክምና የተለያየ ነው። የመጀመሪያው በልብ አልትራሳውንድ ይረጋገጣል፤ በሚያሸኑና የልብን ሸክም በሚያቃልሉ መድኃኒቶች ለዓመታት ይታከማል። የሁለተኛው ምርመራ በልብ የኤሌክትሪክ ንድፍ ይጀመራል፤ ዊለም አይንትሆቨን እ.ኤ.አ. በ1924 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ለዚሁ ምርመራ መሠረት በሆነው ሥራው ነበር። ንድፉ በሽተኛው ሕክምና ቤት ከደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ እንዲነሣ ይመከራል፤ ከዚያም ትሮፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ይለካል። የተደፈነው ደም ቅዳ የረጋ ደም በሚያሟሟ መድኃኒት፣ ወይም አንድሪያስ ግሩንትዚግ እ.ኤ.አ. በ1977 በዙሪክ በጀመረው የፊኛ ዘዴ ይከፈታል። ሦስተኛው ከሆነ ደግሞ በአጠገብ ያለ ሰው ወዲያው ደረትን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን አለበት።

«ድካም» የሚለው ቃል የሚያዘው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዕረፍት። ደም ቅዳው የተደፈነበት ሰው «ድካም ነው» ብሎ ጋደም ካለ የሚያልፈው እያንዳንዱ ሰዓት ከልቡ ጡንቻ ይቀንሳል። ቃሉ በትክክል ለሚስማማው ለመጀመሪያው ሕመም እንኳ ነገሩ ተለውጧል፤ ቀድሞ ሐኪሞች ረጅም የአልጋ ዕረፍት ያዙ ነበር፤ ዛሬ ሕመሙ ለተረጋጋለት ሰው የተመጠነ እንቅስቃሴ ይመከራል። «የልብ ጥቃት» የሚለው አማራጭም የእንግሊዝኛውን ቃል ከመከተል በቀር አጥቂው ማን እንደሆነ አይናገርም። «የልብ ደም ቅዳ መደፈን» ረዘም ቢልም ምን እንደደረሰና ሕክምናው ምን እንደሆነ፣ ማለትም የተደፈነውን መክፈት መሆኑን፣ በአንድነት ያስረዳል።

ሦስተኛው «የደም ብዛት» ነው። ሕመሙ የደም መብዛት አይደለም፤ ደም በሥሮች ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት መጨመር ነው። ስሙ ግን ብዛትን ስለሚያወሳ፣ ደምን በዋግምት መቀነስ መድኃኒት ሊመስል ይችላል። ይህም ብቻ አይደለም፤ «የደም ማነስ» የተባለ ሌላ ሕመም ስላለ ሁለቱ ስሞች ተቃራኒ መስለው ይቆማሉ። ነገር ግን ሁለቱ ሕመሞች በአንድ ሰው ላይ፣ በተለይም በኩላሊት ሕመምተኛ ላይ፣ በአንድነት ይገኛሉ። ለዚህ ሰው ሐኪሙ «ደምዎ በዝቷል፤ ደግሞም አንሷል» ሊለው ነውን? «ግፊት አለብኝ» ማለትም አይበቃም፤ የደም ግፊት የሌለው ሕያው ሰው የለምና። ሐኪሙ የሚፈልገው በተለያዩ ቀናት ተለክቶ በአብዛኛው መመሪያ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ነው። ስለዚህ ስሙ «ከፍተኛ የደም ግፊት» ተብሎ ቢሟላ፣ ሰውዬው ምንም ሳይሰማው መለካትና መድኃኒቱን ሳያቋርጥ መውሰድ የሚገባው ለምን እንደሆነ ለማስረዳት መንገድ ይከፍታል።

ሕዝብ የለመደውን ቃል የቃላት አጥኚ ሊሽረው አይችልም የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ እዚህ የቀረበው ሐሳብ «የልብ ድካም» ይጥፋ የሚል ሳይሆን በየራሳቸው ስም ሊጠሩ የሚገባቸውን ሕመሞች አይሸፍን የሚል ነው። ለወደፊቱም የሕክምና ቃል ከመታተሙ በፊት ሐኪምና የቋንቋ ሊቅ ከተስማሙበት በኋላ ሙያው ለሌላቸው ሰዎች ተነግሮ «ይህ ሕመም ቢይዝዎ ምን ያደርጋሉ?» ተብለው ቢጠየቁ መልካም ነው። መልሳቸው ሐኪሙ ከሚሻው ጋር ካልተስማማ፣ የሚታረመው ስሙ ነው።