ሻኛ የሌለው በሬ፦ ማይክሮሶፍት ፐብሊሸር ለአማርኛ ፖስተር ምን ያህል ይበቃል?

እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ማይክሮሶፍት ፐብሊሸር ዕድሜው እያለቀ ነው። ኩባንያው ከኦክቶበር 2026 በኋላ ለፕሮግራሙ ድጋፍ እንደማይሰጥ፣ የማይክሮሶፍት 365 ተመዝጋቢዎችም ከዚያ ወዲያ የፐብሊሸር ፋይል መክፈት እንደማይችሉ አስታውቋል። ፎቶሾፕና ኢሉስትሬተር ላይ ለሚውሉ የአዲስ አበባ ዲዛይነሮች ይህ ጉዳይ ላይሆን ይችላል። ለእኔ ግን ትልቅ ጉዳይ ነው። የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ እንደሆነችው አርብ ገበያ ባሉ ከተሞች ማመልከቻ የሚተይበው፣ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳውና ፖስተር የሚሠራው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። የክትባት ጥሪ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ ወይም የዕድር ስብሰባ ማስታወቂያ ሲታዘዝ የሚከፍተውም ከዎርድ ጎን ተጭኖ ያገኘውን ፕሮግራም ነው። በገበያ ቀን ከየቀበሌው የሚወጣው ሕዝብ ግድግዳ ላይ የሚያየው የዚያን ሥራ ውጤት ነውና መሣሪያው ከመሸኘቱ በፊት በወጉ መመዘን ይገባዋል።

በእኔ ግምት ፐብሊሸር ገጽ በማደራጀት ረገድ ከወጣለት ስም በላይ ጥሩ ነው። ፊደላችንንና ኑሯችንን ግን አያውቅም፤ ያንን ጉድለት የሚሸፍነው የሠሪው ዓይን ብቻ ነው።

ከጥሩው ልጀምር። የትንሽ ከተማ ፕሪንተር በአብዛኛው ከኤ4 በላይ ወረቀት አይቀበልም፤ በኤ4 የተሠራ ፖስተር ደግሞ ከመንገድ ማዶ አይነበብም። ፐብሊሸር ይህን ችግር ዎርድ በማይችለው መንገድ ይፈታዋል። የገጹን መጠን የፈለጉትን ያህል ያሰፉታል፤ ሲታተም ፕሮግራሙ ራሱ በየኤ4ው ከፋፍሎ ያወጣዋል፤ ለማጣበቂያ የሚደራረብ ጠርዝም ይተዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሂሳብ አለ። አራት ኤ4 ሲገጣጠም አንድ ኤ2 ይሆናል፤ 42 በ59.4 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ነገር ግን ፕሪንተር እስከ ወረቀቱ ጫፍ ድረስ አያትምም፤ መደራረቢያውም የራሱን ቦታ ይወስዳል። ገጹን ሙሉ ኤ2 ያደረገ ሰው ከአራት በላይ ወረቀት ይወጣበታል፤ በትርፎቹ ላይ የሚያርፈውም ቀጭን ቁራጭ ብቻ ነው። ወደ 38 በ55 ዝቅ ቢያደርገው በአራቱ ያልቅለታል። መጋጠሚያው ገጹ መሃል አካባቢ ስለሚውል የሰው ፊትና የርእስ ፊደል እዚያ ላይ እንዳይወድቅ አስቀድሞ ማሰብ ነው።

ጋይንት ገጽ ለማደራጀት ሙያ እንግዳ አይደለም። ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አባ የዝማሬና መዋሥዕት የቤተ ክርስቲያን ዜማ ማስመስከሪያ የሆኑበት፣ የዜማ መጻሕፍቱም በብራና ሲጻፉ የኖሩበት አገር ነው። የብራና ጸሐፊ አንድ ፊደል ከመጣሉ በፊት ቆዳውን በወስፌ ነጥቦ ያሰምራል፤ ዓምዱን ይለካል፤ ኅዳጉን ሰፋ አድርጎ ይተዋል። ጥቁሩ ቀለም ለንባቡ፣ ቀዩ ለመክፈቻውና ለቅዱሳን ስም ነው። በሁለት ቀለም ብቻ ዓይን ከየት እንደሚጀምርና የት እንደሚያርፍ ያሳየናል። የፐብሊሸር ማርጂንና ጋይድ የወስፌውን ሥራ ይሠራሉ፤ ስክሪን ላይ ይታያሉ፣ ወረቀት ላይ አይወጡም። የሚያናድደኝ አብረውት የሚመጡት ቴምፕሌቶች ናቸው። ኅዳጉን በጌጥ ይሞሉታል፣ አራት አምስት ቀለም ይደራርባሉ፤ ያ ሁሉ በጥቁርና ነጭ ፕሪንተር ሲወጣ ግራጫ ሆኖ ጽሑፉን ይውጠዋል። ቴምፕሌቱን ትቶ ከባዶ ገጽ የጀመረ፣ ቀለም ካማረውም በቢጫ ወረቀት ላይ በጥቁር ያተመ ሰው የተሻለ ፖስተር ይኖረዋል።

ፊደል ላይ ፕሮግራሙ ይወድቃል። ጉዳቱ የሚጀምረው ሁላችንም ሳናስብ ከምንጫናት ከቦልድ ነው። በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ፣ ጆን ሃድሰንና ጀራልዲን ዌድ የቀረጹት፣ የብርዕ ጠባይ ያለው ውብ ፎንት ነው፤ ለረጅም ጽሑፍ እወደዋለሁ። ነገር ግን የተቀረጸው በአንድ ውፍረት ብቻ ነው። ቦልድ ሲጫኑት ፕሮግራሙ ፊደሉን ዝም ብሎ ከዙሪያው ያሳብጠዋል። እንግዲህ "ጤና ጣቢያ" ብለው በትልቁ ይጻፉና አትመው ከሩቅ ይዩት። ኃምሱን ከሣልሱ የሚለየው በእግሩ ሥር ያለችው ትንሽ ቀለበት ናት፤ ፊደሉ ሲያብጥ የቀለበቷ ቀዳዳ ይደፈንና "ጤ" "ጢ" መስሎ ያርፋል። "ሴቶች" የሚለውም እንደዚሁ ነው። ላቲን ሲያብጥ መልኩ ብቻ ይበላሻል፤ የእኛ ግን ድምፁ ይለወጣል። ዎርድአርት ደግሞ ይብሳል፤ ፊደሉን ሲለጥጠው፣ ሲያጎብጠውና ጥላ ሲያለብሰው ካዕቡን ከሣልስ የምትለየው ቅጥያ መሃል ትሁን እግር ሥር መለየት ያስቸግራል።

መፍትሔው እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ አለ። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ኤብሪማ የእኛን ፊደል ይዟል፤ የራሱ የሆነ በእጅ የተስተካከለ ቦልድም አለው። ኮምፒውተሩ ከዚያ የቆየ ከሆነ በነፃ የሚገኘው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ድረስ በየደረጃው የተቀረጸ ነው። ርእሱን በእነዚህ፣ ዝርዝሩን በኒያላ ማድረግ ይቻላል። በድሮዎቹ የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተሠሩ ፋይሎች ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ የላቲን ምልክት ቁልል ስለሚሆኑ፣ ባነር ለማሳተም ወደ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር የሚልክ ሰው ሥራውን ፒዲኤፍ አድርጎ መላክ አለበት።

ወደ ሥዕሉ ልምጣ፤ ከሁሉም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው ፖስተሩ ፊት ሲቆም የሚያነበው ሥዕሉን ነው። ማይክሮሶፍት የኦፊስን ክሊፕ አርት በ2014 መጨረሻ ዘጋው፤ እስከዚያ ድረስ ግን "ገበሬ" ብሎ ለፈለገ ሰው ትራክተር ያመጣለት ነበር፤ በሬው ሻኛ የለውም፤ እናቲቱ ነጠላ አልለበሰችም፤ ሕፃኑም የታዘለው በጀርባዋ አይደለም። የዚያ ስብስብ ቅሪት ዛሬም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠ ግድግዳችን ላይ ይወጣል። ቀንበሩን ሞፈሩን ጥሎ ለገበያ የመጣ ሰው እንዲህ ያለውን ሥዕል ሲያይ ስለ እሱ እንደሚናገር በምን ያውቃል?

የራስን መሳል ግን ይቻላል። የሰፈር በሬ ከጎኑ በስልክ አንሥቶ ፎቶውን ገጹ ላይ ማስገባት፤ ከሼፕስ ውስጥ ፍሪፎርምን መርጦ ከማጅራቱ መነሣት፤ በየመታጠፊያው አንድ ጊዜ እየነኩ በሻኛው፣ በወገቡ፣ በጭራው፣ በእግሮቹ ዞሮ መነሻው ላይ መዝጋት፤ ከዚያ ኤዲት ፖይንትስ ብሎ ሻኛው ላይ ያሉትን ነጥቦች ክብ እስኪሆኑ መጎተት። ፎቶውን አጥፍቶ ቅርጹን ጥቁር ሲሞሉት አርብ ገበያ ውስጥ ማንም የማይስተው በሬ ይወጣል። ጥቁር ሙሌት በርካሽ ቶነርም ቢሆን ጥርት ብሎ ይታተማል። ቀንበሩ ያዘነበለ ቀጭን አራት ማዕዘን ነው፤ ሞፈሩ አንድ ወፍራም መስመር። የፐብሊሸር ድክመት ሁለት ቅርጾችን ወደ አንድ አለማዋሐዱ ነው፤ ይህን ከ2013 ወዲህ ያለው ፓወርፖይንት ይሠራዋልና ሥዕሉን እዚያ ጨርሶ መገልበጥ ይሻላል።

ይህ ሥዕል ሊባል አይገባውም የሚል ሰው የጃፓናዊውን ታትሱኦ ሆሪዩቺን ሥራ ይይ። ጡረታ ሲቃረብ የሥዕል ፕሮግራም ውድ ሆኖ ስላገኘው ኮምፒውተሩ ላይ ያገኘውን፣ ለሂሳብ ሠንጠረዥ የተሠራውን ኤክሴል ከ2000 አካባቢ ጀምሮ መሳያ አደረገው። ተራራውን፣ ፏፏቴውን፣ የቼሪ አበባውን በእነዚሁ ቅርጾች እያንዳንዷን ቅጠል ሳይቀር እየደራረበ ሳለ፤ በ2006ም በኤክሴል ቅርጾች በተደረገ የሥዕል ውድድር አንደኛ ወጣ። እሱ የሳለው የራሱን አገር ተራራ ነው። የጋይንት ገደል፣ የበሽሎ ቆላ፣ የሣር ክዳን ጎጆ በዚሁ መሣሪያ ያልተሳሉት መሣሪያው ስለማይችል አይደለም።

ፐብሊሸር ሲቀር ወዴት ይኬዳል ለሚለው፣ በነፃ የሚገኘው ሊብረኦፊስ ድሮው (Draw) የተባለው ፕሮግራም ከ2013 ጀምሮ የፐብሊሸርን ፋይል ይከፍታል፤ ትልቅ ገጽ በብዙ ወረቀት ከፋፍሎ ማተምም ይችላል። ሲከፍተው የጽሑፍ ሣጥኖቹ ቦታቸውን ሊስቱ ይችላሉና የቆዩ ሥራዎችን አሁኑኑ እየከፈቱ ማየት፣ የተስተካከለውን በፒዲኤፍ ማስቀመጥ፣ የተሳለውን በሬም ለብቻው በምስል ፋይል ማውጣት ያስፈልጋል።